ቲቢ ታክማችኋል? ቪዛው አልቀረም፣ ቀን ግን ቁጠሩ

ባለፈው እዚህ ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጬ አንድ የሰፈር ልጅ ጠጋ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድምዓለም፣ እኔ እኮ የሳንባ ታክሜ ነበር። ስኮላርሺፑን ልተወው?» አለኝ። የተቀባይነት ደብዳቤው ስልኩ ላይ አለ። ሙሉ ወጪው የተሸፈነ ማስተርስ ነው። ሊተወው ያሰበው ከ4 ዓመት በፊት ለ6 ወር በዋጠው ክኒን የተነሳ ነው።

እንዳትሞክረው አልኩት። እኔም ታክሜ ነው የሄድኩት። ሄጄ፣ ተምሬ፣ ተመልሼ እዚሁ ጎንደር ነኝ። ግን ባለማወቄ ሁለት ወር ከምናምን ዝም ብሎ ተቃጠለ። ፀጉሬም በዚያ ክረምት ነው መመለጥ የጀመረው። ለልጁ ያስረዳሁትን ነው አሁን ሰብሰብ አድርጌ የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ፦ የትኛው ቲቢ ነው ያለባችሁ?

ሦስት የተለያየ ነገር ተቀላቅሎ ነው የሚወራው።

አሁን ያለ፣ የሚያስል፣ አክታ ውስጥ ጀርሙ የሚገኝ ቲቢ («ንቁ ቲቢ» የሚባለው) ቪዛውን ያስቆመዋል። ያስቆመዋል እንጂ አይገድለውም፣ ታክማችሁ ስትጨርሱ ጉዳዩ ይቀጥላል። ታክሞ ያለቀ ቲቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳንባ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ራጅ ላይ ይታያል፣ ጥያቄ ያስነሳል፣ ጥያቄው ጊዜ ይበላል። ሦስተኛው ድብቅ ቲቢ ነው። ጀርሙ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። አያስልም፣ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ የሚታወቀው በደም ወይም በቆዳ ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ጀርሙ ገብቶበታል ብሎ ይገምታል፣ ስለዚህ ድብቅ ቲቢ ተገኘብኝ ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ።

የአንገት እጢ ላይ የሚወጣው የእጢ ቲቢ በእኛ አገር ብዙ ነው። በትንፋሽ አይተላለፍም። ቢሆንም ሲጠይቋችሁ ተናገሩ፣ ሳንባችሁ ንጹህ መሆኑን ማየት ይፈልጋሉ።

አንድ የቋንቋ ነገር ልጨምር። እኛ «ነቀርሳ» ስንል ካንሰርንም ቲቢንም ነው። ወላጅ አባቱን ይዞ ለቤተሰብ ቪዛ የሚሄድ ሰው አባቱ «ነቀርሳ ነበረብኝ» ሲሉ አስተርጓሚው ካንሰር ብሎ እንዳይተረጉመው «ቲቢ» በሉ ብሎ አስቀድሞ ቢነግራቸው ይሻላል።

ቀጥሎ፦ የምትሄዱበት አገር ምን ይፈልጋል?

አንዱ አገር የሚጠይቀውን ሌላው አይጠይቅም። ጓደኛችሁ ለሌላ አገር የሰማውን ይዛችሁ አትሩጡ።

እንግሊዝ ከ6 ወር በላይ ለምትቆዩ ከማመልከታችሁ በፊት የቲቢ ሰርተፍኬት ትጠይቃለች፣ ኢትዮጵያም ዝርዝሩ ውስጥ አለች። ምርመራው የሚሠራው አዲስ አበባ፣ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት፣ ሁላችንም አይ ኦ ኤም የምንለው ጋ ነው። የጎንደር ራጅ፣ የፈለገ ጥርት ያለ ቢሆን፣ በሰርተፍኬት ቦታ አይገባም። ሰርተፍኬቱ 6 ወር ያገለግላል።

ካናዳ ከ6 ወር በላይ ለሚማር ከእኛ አገር ለሚሄድ ሰው የሕክምና ምርመራ አላት። የሚመረምረው እነሱ የመደቡት ሐኪም ብቻ ነው፣ ውጤቱም 12 ወር ይቆያል። ተማሪ ከማመልከቱ በፊትም ቀድሞ መመርመር ይችላል። እኔ ብሆን ቀድሜ ነው የምመረመረው። የድሮ ጠባሳ ያለበት ሰው ቪዛው ይሰጠዋል፣ ግን እዚያ ሲደርስ በ30 ቀን ውስጥ ለጤና ቢሮ ሪፖርት እንዲያደርግ ወረቀት ይያዝለታል። አውስትራሊያም ተመሳሳይ ነገር አላት። እዚያ የጤና ግዴታ የሚባል ቅጽ ትፈርማላችሁ፣ ከዚያ በገባችሁ በ28 ቀን ውስጥ ትደውላላችሁ። ንቁ ቲቢ ካለ ግን አውስትራሊያ ሕክምናው እስኪያልቅ ቪዛ አትሰጥም።

አሜሪካ ግራ የሚያጋባው ነው። ለተማሪ ቪዛ በመደበኛው አሠራር የራጅ ምርመራ የለም። የቪዛ ማመልከቻ ቅጹ ላይ ግን ተላላፊ በሽታ አለብህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፣ ዝርዝሩ ውስጥም «ንቁ ቲቢ» ተጽፏል። ታክማችሁ ከዳናችሁ መልሱ «የለብኝም» ነው። ይሄ ውሸት አይደለም፣ ጥያቄው ስለ አሁን ነው። ምርመራው የሚመጣው ከዩኒቨርሲቲው ነው። ብዙ ካምፓሶች ከእኛ አገር የመጣን ተማሪ ቲቢ ይመረምራሉ። እዚህ ላይ አስተውሉ፦ ልጅ እያለን ክንዳችን ላይ የተወጋነው የቢሲጂ ክትባት የቆዳ ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል። የደም ምርመራውን ግን አያሳስተውም። ምርጫ ከሰጧችሁ የደሙን በሉ።

ዲቪና የቤተሰብ ቪዛ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ራጅ ይነሳል፣ ከ2 እስከ 14 ያሉ ልጆች ደም ይሰጣሉ። ንቁ ቲቢ ከተገኘ ሕክምናው ኤምባሲው በመደበው ሐኪም ክትትል፣ እያንዳንዱ ክኒን ባለሙያ ፊት እየተዋጠ ነው መሄድ ያለበት። በራሳችሁ ሌላ ቦታ ከመጀመራችሁ በፊት እሱን ጠይቁ። ዲቪ ላይ ያለው ትልቁ ችግር ደግሞ ቀኑ ነው። የዓመቱ ዲቪ ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 20 ላይ ይዘጋል። መስቀል ካለፈ 3 ቀን መሆኑ ነው። ታምሜ ነበር፣ መድኃኒት ላይ ነበርኩ ብሎ ማራዘም የለም። መጋቢት ላይ ቲቢ የተገኘበት ዲቪ የደረሰው ሰው 6 ወር ታክሞ፣ ሁለት ወር የካልቸር (ጀርሙን ላቦራቶሪ ውስጥ የማሳደግ) ምርመራ ጠብቆ ሲጨርስ ዕድሉ አልፏል። ስለዚህ ዲቪ የደረሰው ሰው ራጁን በጊዜ ይታይ።

ቻይና የውጭ ዜጋ የጤና ቅጽ አላት፣ ራጅም ደምም አለው፣ ስትደርሱም ሊደግሙባችሁ ይችላሉ። በሕጓ ተላላፊ የሳንባ ቲቢ ላለበት ሰው ቪዛ አይሰጥም። ሆላንድ ደግሞ ከሄዳችሁ በኋላ በ3 ወር ውስጥ እዚያው ትመረመራላችሁ። ለዓረብ አገር ሥራ የሚሄዱ እህቶቻችን ግን የባሰ ነው የሚገጥማቸው። የባህረ ሰላጤው አገሮች የድሮ ጠባሳን ጭምር «አያልፍም» ብለው ሊጥሉ ይችላሉ። ለደላላ ብር ከመስጠታችሁ በፊት ራጅ ተነሱ።

አሁን ወደ ወረቀቱ

እኔን ያቃጠለኝ በሽታው አይደለም። ወረቀት ነው።

የታከምኩት የካምፓስ 3ኛ ዓመት ላይ፣ በ2009 ነው። ስጨርስ ካርዴን ጣልኩት፣ ማን ያስታውሰዋል። የራጅ ፊልሙ ቤት ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ ስትጋረድ ታናሽ ወንድሜ ፊልሙን በመቀስ ቆራርጦ ለሰፈሩ ልጆች አድሎ ኖሯል። ሳንባዬን አንገታቸውን አቅንተው ግርዶሽ አዩበት። (በነገራችን ላይ በራጅ ፊልም ፀሐይ ማየት ዓይን ያጠፋል፣ አታድርጉት።)

በ2014 ስኮላርሺፕ ሳገኝ ሮጬ የታከምኩበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። መዝገቡ ተገኘ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ደብዳቤ ጻፉልኝ፦ «ከ5/4/2009 እስከ 6/10/2009 ታክሞ ድኗል»። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው። እኔም አላየሁትም። አዲስ አበባ ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ፎርሜን አየ፣ እኔን አየ። ፎርሙ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 2016 ብያለሁ። ወረቀቱ 2009 ይላል። «የ13 ዓመት ልጅ እያለህ ነው የታከምከው? ወይስ ሁለት ጊዜ ነው የያዘህ?» አለኝ። ሁለት ጊዜ የያዘው ሰው ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይኖርበት ይሆን ተብሎ በሌላ ዓይን ነው የሚታየው። ላብ በላብ ሆንኩ።

ስለዚህ ደብዳቤ ስታጽፉ እንዲህ ይሁን። በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ቀኑ በፈረንጅ ይሁን፣ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስም ይጻፍ። ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል፣ ጤና ጣቢያው በመሰለው እንዳይጽፈው ፓስፖርቱን ኮፒ ስጧቸው። የሳንባ ነው ወይስ ከሳንባ ውጭ፣ በምን ምርመራ ተገኘ፣ ሪፋምፒሲን የሚባለውን መድኃኒት የተላመደ ነው ወይስ አይደለም፣ ምን መድኃኒት ወሰዳችሁ፣ መቼ ጀምራችሁ መቼ ጨረሳችሁ፣ በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው ወር የተደረገው የአክታ ምርመራ ምን አለ፣ መጨረሻው «ዳነ» ነው ወይስ «ሕክምናውን ጨረሰ»፣ ይህ ሁሉ ይኑርበት። ማህተም፣ ፊርማ፣ የባለሙያው ስም። የድሮ ራጅ ፊልም ካለ ውሰዱት፣ ከወርቅ ይበልጣል። ሐኪሙ የዛሬውን ጠባሳ ከ5 ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አስተያይቶ «አልተለወጠም» ሊል የሚችለው በሱ ብቻ ነው።

ጎንደር ላይ ቀድማችሁ ተመርመሩ

ይሄን ምክር ማንም አልነገረኝም። ለኤምባሲው የሚሆነውን ምርመራ ከመክፈላችሁ በፊት፣ እዚሁ ጎንደር ለራሳችሁ አንድ ራጅ ተነሱ። ለቪዛው አያገለግልም። ለእናንተ ግን ያገለግላል፣ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ከምትደነግጡ እዚህ ብትደነግጡ ይሻላል። አጠራጣሪ ነገር ካለ መንግሥት ጤና ጣቢያ ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሂዱ፣ የቲቢ ሕክምናው ነጻ ነው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ መመርመሪያ ማሽን ውጤቱን በሁለት ሰዓት አካባቢ ይሰጣል።

ሳል ይዟችሁ ከሆነ ግን ፋርማሲ ሄዳችሁ አንቲባዮቲክ እየገዛችሁ አትዋጡ። በተለይ ሲፕሮ የምንለው ዓይነት መድኃኒት ቲቢውን ሳያድነው ለጊዜው ይደብቀዋል፣ ምርመራውንም ያበላሻል።

ቀኑን እንዲህ ቁጠሩት

ሕክምናው 6 ወር ነው። ካልቸር እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። አንድ ላይ 8 ወር። ትምህርቱ መስከረም የሚጀምር ከሆነ የጎንደሩን ራጅ ከጥምቀት በፊት ጨርሱ። ነገር ከተገኘ ታክማችሁ ለመጨረስ ጊዜ አላችሁ። ንጹህ ከሆነ የኦፊሴሉን ምርመራ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ አድርጉት፣ የ6 ወሩ ዕድሜ ሳያልቅ ታመለክታላችሁ። እኔ ለምርመራው አዲስ አበባ የሄድኩት ሐምሌ ላይ ነው። አንድ ቀን ደርሼ የምመለስ መስሎኝ አንድ ቅያሪ ልብስ ነው የያዝኩት።

መንገዱንም ቁጠሩት። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የየብሱ መንገድ ደግሞ አንዴ ክፍት አንዴ ዝግ ነው። ከአዘዞ መብረር ውድ ነው፣ ግን ቀጠሮ ከማጣት ይረክሳል።

የምርመራው ቀን

ፓስፖርት፣ ደብዳቤ፣ የድሮ ፊልም ይዛችሁ ሂዱ። ማንነታችሁን ያረጋግጣሉ፣ ስለ ሳል፣ ላብና ክብደት ይጠይቃሉ፣ ራጅ ትነሳላችሁ። እርጉዝ የሆነች ሴት ቀድማ ትናገር። ለእንግሊዝ ከሆነ ሆዷን ሸፍና ራጅ መነሳት፣ በአክታ መመርመር ወይም እስክትወልድ መጠበቅ ትችላለች። ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለእንግሊዝ አብዛኛውን ጊዜ ራጅ አይነሱም፣ ጥያቄ ብቻ ነው።

ራጁ ላይ ምንም ከሌለ አበቃ፣ ሰርተፍኬት ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ጠባሳ ካለ «3 ቀን አክታ ስጥ» ትባላላችሁ። በተከታታይ 3 ጠዋት ነው፣ ስለዚህ የምታድሩበት ዘመድ ፈልጉ። እኔ አክስቴ ቤት አደርኩ። የመጀመሪያው ቀን የሰጠሁት ምራቅ ነው ተብሎ ተመለሰ! ነርሷ «ልጄ፣ ከጉሮሮህ አይደለም፣ ከስር ነው» አለችኝ። ዘዴው ይሄ ነው፦ ማታ ውኃ በደንብ ጠጡ። ጠዋት ቁርስ ሳትቀምሱ አፋችሁን በውኃ ብቻ ተጉመጥመጡ። ሁለት ሦስቴ በረጅሙ ተንፍሱና ትንፋሻችሁን ያዝ አድርጉ፣ ከዚያ ከደረት ሳሉ። ወፈር ያለ ነገር ካልወጣ አልሆነም ማለት ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ፦ ጂን ኤክስፐርት በሁለት ሰዓት ከተናገረ ለምን ሁለት ወር ያስጠብቁናል? ጂን ኤክስፐርት የሚያየው የጀርሙን ዘረመል (ዲ ኤን ኤ) ነው። ታክሞ የዳነ ሰው ሳንባ ውስጥ የሞተ ጀርም ዘረመል ሊቆይ ይችላል፣ ማሽኑም «አለ» ሊል ይችላል። ካልቸር ግን የሚያሳድገው በሕይወት ያለውን ብቻ ነው። ጀርሙ ደግሞ ሰነፍ ነው፣ አንዴ ለመባዛት አንድ ቀን የሚጠጋ ጊዜ ይፈልጋል። ለታከመ ሰው እንግዲህ ካልቸሩ ጠበቃው ነው። መጠበቁ ቢያናድድም።

በዚህ መሀል እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። አክታ ስጡ በተባላችሁበት ቀን ለዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ጻፉ። ምክንያቱን ሳትደብቁ «የቲቢ ምርመራ ውጤት እየጠበቅኩ ነው፣ እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል፣ የመጨረሻው የመግቢያ ቀን መቼ ነው?» በሉ። ለእነሱ ይሄ የተለመደ ነገር ነው። እኔ አፍሬ 5 ሳምንት ዝም አልኩ። ስጽፍላቸው በማግስቱ መለሱ፣ ዘግይቶ መግባት ተፈቀደልኝ፣ ትምህርት በተጀመረ በሳምንቱ ደረስኩ።

ንቁ ቲቢ ቢገኝስ?

ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ሂሳቡ ቀላል ነው። 6 ወር ትታከማላችሁ። የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጣዮቹ 4 ወራት 2 ዓይነት። ሽንታችሁ ብርቱካናማ ይሆናል፣ አትደንግጡ፣ የሪፋምፒሲኑ ቀለም ነው። ጠላና አረቄ ይቅርባችሁ፣ ጉበት ነው የሚጎዳው። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፣ ክኒኑን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ያቋረጠ ሰው እንደገና ይጀምራል፣ ወይም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያመጣል፣ ያኔ የቪዛው ጉዳይ ጭራሽ ይራዘማል።

ዩኒቨርሲቲውን ለሚቀጥለው መግቢያ እንዲያዛውርላችሁ ጠይቁ። ስኮላርሺፑን ለሚሰጠው ድርጅት ለብቻው ጻፉ፣ ዩኒቨርሲቲው ቢፈቅድ እነሱ ፈቀዱ ማለት አይደለም። የየወሩን ውጤት ኮፒ እያደረጋችሁ አስቀምጡ። አብሯችሁ የሚሄድ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ ካለም ይመርመሩ፣ አንድ ቤት የሚያድር ሰው ጉዳይ አብሮ ነው የሚታየው።

«ንጹህ ራጅ አለ» የሚል ደላላ

አለ። እኔንም አናግሮኛል። የሌላ ሰው ሳንባ በእናንተ ስም። ምርመራ ቤቱ ፎቶ ያነሳል፣ ፓስፖርት ያያል፣ አክታውንም ሰው ፊት ነው የምትሰጡት። ከተያዛችሁ ደግሞ ቅጣቱ ከቲቢው የከፋ ነው፦ እንግሊዝ ላታለለ ሰው እስከ 10 ዓመት በር ትዘጋለች፣ ካናዳ 5 ዓመት። የ6 ወር ሕክምና ለመሸሽ 10 ዓመት መክፈል ነው። «ታክመህ ታውቃለህ?» ሲሏችሁም «አዎ» በሉ። ጠባሳው ደረታችሁ ላይ እያለ «በፍጹም» ያለ ሰው ነው የሚጠረጠረው።

ከመሄዳችሁ በፊት የመጨረሻው ነገር፦ ሰርተፍኬቱን፣ የሕክምና ደብዳቤውንና ፊልሙን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ በእጃችሁ ያዙ። ስልካችሁ ላይም ፎቶ ይኑራችሁ። እዚያ ስትደርሱ ሐኪም ዘንድ ተመዝገቡና ወረቀቱን አሳዩ፣ ሪፖርት አድርጉ የተባላችሁም ቀኑ ሳያልፍ ደውሉ። ካሳላችሁ፣ ማታ ካላባችሁ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ ወር አትጠብቁ።

የእኔ አዲሱ ፊልም አሁን ቁም ሳጥን አናት ላይ በካርቶን ተጠቅልሎ አለ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሌላ ግርዶሽ ስላለ ለወንድሜ ያለበትን አልነገርኩትም።